በተገዘተው ደን አበባ ስናይ

እኔ ልጅ በነበርኩበት ጊዜ የሰፈራችን ልጆች አበባ አንቀጥፍም ነበር፤ እናይ ነበር እንጂ። ይህን ለዛሬ ልጆች ስነግራቸው ይስቁብኛል። አበባ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ምን ጨዋታ ነው ይሉኛል። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ የላስታ ልጆች ግን የምለው ሳይገባችሁ አይቀርም።

ሰፈራችን ከላሊበላ ሽቅብ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። እዚያ አንዲት ማርያም አለች፤ ዙሪያዋን ጥድና ወይራ የከበባት፣ ከሩቅ ሲያዩዋት በተላጨ ራስ ላይ የቀረች ቁንጮ የምትመስል። መንግሥት በተለወጠበት ሰሞን ጥበቃው ሲበተን ሰዉ መጥረቢያውን እያነሳ በየተራራው የነበረውን የመንግሥት ደን ጨረሰው። አንዱ ቤት ሊሠራበት፣ አንዱ ሊሸጠው፣ አንዱ ደግሞ ጎረቤቱ ስለቆረጠ ብቻ። ያ ሲያልቅ ዓይናቸው ወደ ማርያም ዞረ። ይሄኔ ካህናቱ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መስቀል ይዘው ወጡና ደኑን ገዘቱት። እንጨት የቆረጠ፣ ቅጠል የበጠሰ፣ ወድቆ የደረቀም ቢሆን ያነሳ የተገዘተ ይሁን ተባለ። ሕዝቡ አሜን አለ። እኔም ከእናቴ ነጠላ ሥር ሆኜ አሜን አልኩ። ያን ጊዜ ግዝት ቀልድ አልነበረም። የተገዘተ ሰው ቄስ ካልፈታው በቀር እጁ የነካው አይባረክለትም፣ ከቤቱም በሽታ አይጠፋም ሲባል ነው የሰማነው።

እኛ ልጆች ደኑ ቀረብን ብለን ስናለቃቅስ የንስሐ አባታችን መምሬ አድማሱ አንድ መላ ሰጡን። «ዓይን አልተገዘተም፤ የተገዘተው እጅ ነው» አሉን። «እጃችሁን ወደ ኋላ አጣምራችሁ ግቡ፤ ስታዩ ዋሉ።»

ጨዋታው እንዲህ ተጀመረ። ጊዜው ጽጌ ነው፤ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር መባቻ። ዝናቡ አቁሟል፣ መሬቱ ግን ገና ከሥሩ እርጥብ ነው። ፀሐዩ በጥዱ መሀል ሾልኮ ሲገባ ከምድሩ የሚነሳው ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ የጥድ ሙጫ፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ ደግሞ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ድንገት የሚያውድ ጠምበለል። ከቅዳሴ መልስ እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን እንደ ሽማግሌ አጎንብሰን እንገባለን። አንድ አበባ ቀድማ ያየች «የኔ ናት» ትላለች፤ ያቺ አበባ ያን ዓመት የእሷ ናት። ሌላዋ ባለቤቷን ሳታስፈቅድ ማየት አትችልም። ይህንን ሕግ ያወጣችው ጓደኛዬ አስካል ናት፤ የምትጥሰውም እሷው ነበረች።

«ያቺ ቢጫ የኔ ናት» እላለሁ።

«የቷ?»

«ድንጋዩ ሥር ያለችው።»

«እሷማ የአምናዋ ልጅ ናት። የአምናዋ ደግሞ የኔ ነበረች።»

«የአበባ ልጅ በምን ይታወቃል?»

«በመልኳ ነዋ። አንቺ እናትሽን አትመስይም?»

አደይን ማንም ያያታልና አንቆጥራትም ነበር። የምንቆጥረው የሚሸሸገውን ነው። ጥድ ላይ ተጠምጥሞ ነጭ የሚያብበውን የአዞ ሐረግ፣ እሾሁ መሀል ተቀምጣ ነይ ንኪኝ የምትለውን ቀጋ፣ ከደኑ ጫፍ ገደሉ አፋፍ ላይ እንደ በራ ጧፍ ቀይ ሆኖ የሚቆመውን የዝንጀሮ አገዳ። ስሟን የማናውቃት ትንሽ ሰማያዊ አበባ ደግሞ ነበረች፤ እሷን እኔ «የሙሽራ ኩል» አልኳት። በርከክ ብሎ ሣሩን በአፍንጫ ካልገፉ አትታይም። በዚያ ዓመት ከአስካል ይልቅ ብዙ አበቦች ነበሩኝ። ሀብታም ነበርኩ ማለት ነው።

ዕድሜዬ አሥር ነበር። አባቴ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ ቤት ውስጥ የቀረነው እናቴ፣ እኔና ትንሿ እህቴ ፋንታዬ ነን። ፋንታዬ ዓመት ከመንፈቋ ነው። ከእኔ በኋላ ሁለት ሕፃናት ሞተው ለእነሱ ፋንታ የመጣች ልጅ ስለሆነች ስሟም እንዲያ ወጣ። እናቴ ይህችን ልጅ እንደ ሰው አላሳደገቻትም፤ በነፋስ ላይ እንደያዙት ጧፍ ነው። ቢያስነጥሳት ቤቱ ይናወጣል። «ደጅ አታውጪያት፣ ቀትር ላይ ደን አካባቢ እንዳትደርሺ፣ ሰው አያያት» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ካላዘልኳት አትተኛም፣ ካልሄድኩ ጨዋታው ያልፈኛል።

አንድ እሑድ እናቴ ጸበል ልትጠጣ ቤተ ክርስቲያን ስትቆይ ፋንታዬን በአንቀልባ አዝዬ ገባሁ። እጆቼን ከሥሯ አጣመርኩ፤ እሷን ለመደገፍም ለግዝቱም ተመቸኝ። ያን ቀን ስምንት አበባ አየሁ። አስካል ተናዳ «ዓይንሽ የጭልፊት ነው፤ ጫጩት ቢያጡ አንቺን ነው የሚጠይቁሽ» አለችኝ። ፋንታዬ ጀርባዬ ላይ ሆና ትስቃለች፣ ፀጉሬን ትጎትታለች፣ የማይገባኝን ታወራለች።

ቤት ገብቼ ሳወርዳት ቀኝ እጇን ጨብጣለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታሁ። በመዳፏ ውስጥ የተጨማደደ የአዞ ሐረግ፣ ሦስት ቅጠል ከነአበባው ነበር።

ምን ልበላችሁ። እኔ እጄን አጣምሬ ስጠነቀቅ ለካ ከጀርባዬ ያለው እጅ ተፈትቶ ተለቋል። አበባውን ከመዳፏ ነጥቄ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ሲቃጠል ደግሞ ማቃጠሉ የባሰ ይሆን ብዬ ላወጣው ስል ጣቴን ተቃጠልኩ። ያን ዕለት ማታ የፋንታዬ ገላ እንደ ፍም ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች ለእኔ አንድ ረጅም ቀን ናቸው። እናቴ በሩን ዘጋች። ብርሃን እንዳይመታት፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍባት። ቤቱ የሚሸተው ዳማከሴና የታጠነ ጋን ነው። በመጪው እሑድ የጽጌ ማኅበሩ ተራ የእናቴ ነበርና ጠላው በጋኑ ተጥሎ ጓዳ ቆሟል። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ በበሩ ስንጥቅ እየተናገሩ «ልጂቱን ጤና ጣቢያ ውሰጃት፤ ከተማ ድረስ እኔም እሸኝሻለሁ» ቢሏት እናቴ ከውስጥ ሆና «ይሄ ሐኪም የሚያውቀው አይደለም፣ እትዬ» አለች።

ይህን ስትል ዓይኗ ዓይኔ ላይ አርፎ ወዲያው ሸሸ። አወቀችብኝ አልኩ። ካወቀችብኝ ለምን አትጠይቀኝም? ካልጠየቀችኝስ እንዴት ብዬ ልንገራት? ብነግራት ልጅሽን ያስገዘትኳት እኔ ነኝ ማለቴ ነው፤ እናቴ ደግሞ በፋንታዬ ማስነጠስ የምትወድቅ ሴት ናት። ባልነግራት ልጂቱ ግዝቱ እንደያዛት ትሞታለች። ወዲያ ብል ገደል፣ ወዲህ ብል ገደል። ፋንታዬ ራሷን ወዲያና ወዲህ ታወዛውዛለች፣ ግራ ጆሮዋን በጡጫዋ ትመታለች። እኔ ይሄን ሳይ ግዝቱ በጆሮዋ እየገባ ነው እል ነበር።

ረቡዕ ዕለት ውኃ ልቀዳ ብዬ ወጥቼ ወደ መምሬ አድማሱ ሮጥኩ። በመንገድ ላይ አንድ ብልሃት መጣልኝ። ጥፋቱን ለራሴ ላደርገው። እኔ ቀጠፍኩ ብል እኔ እፈታለሁ፣ ነገሩም ያልቃል። እሳቸው ከቤተ ልሔሙ ጥግ ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር።

«አባ፣ ይፍቱኝ። ከደኑ አበባ ቀጥፌያለሁ።»

«ስንት?»

«አንድ። ሦስት ቅጠል አለው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺ ነሽ የቀጠፍሽው?»

«እኔ ነኝ።»

ሃያ አንድ ስግደት ሰጡኝ፣ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ። ስግደቱን እዚያው ጨርሼ ቁልቁል እየበረርኩ ወደ ቤት መጣሁ። ፋንታዬ በርዳ አገኛታለሁ ብዬ ነው። እንደ ፍም ናት። ይሄኔ ነገሩ ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። የተፈታሁት ያልታሰርኩት እኔ ነኝ። የታሰረችው እሷ እንደታሰረች ናት። በዚያ ላይ በመስቀል ፊት ዋሽቻለሁ። ሐሙስን እንዴት እንዳለፍኩት አላውቀውም፤ ቅዱሱ መስቀል ያረፈበት ግንባሬ እንደተተኮሰ ሰው ይለበልበኝ ነበር።

ዓርብ ጧት ከጓዳ የሚንዶቆዶቅ ድምፅ ሰምቼ ነቃሁ። እናቴ ጋኑን እየጎተተች በጓሮ በር ስታወጣ አየኋት። ተከተልኳት። ጋኑን አጋደመችና ጠላውን በሙሉ መሬት ላይ ደፋችው። የማርያምን የማኅበር ጠላ። ዶሮዎቹ እየተሯሯጡ መጡ። እናቴ ባዶ ጋኑን ይዛ ቆማ ቀረች፣ ፊቷ የሰው ፊት አይመስልም። እናቴ አበደች አልኩ። ያበደችውም በእኔ ነው።

«እማ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን ነሽ?»

«ፋንታዬን ደን ይዣት ገብቼ ነበር። የእኔ እጅ አልነካም፣ እሷ ናት የቀጠፈችው። አበባ። እኔ አላየሁም። ለመምሬ ደግሞ እኔ ነኝ አልኳቸው።»

ትመታኛለች ብዬ ራሴን በክንዴ ሸፈንኩ። አልመታችኝም። ጋኑን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ጋኑን በምን አጠንኩት መሰለሽ» አለችኝ። «በማርያም ወይራ ነው። የኛ እንጨት ዝናብ ገብቶበት አልነድ አለኝ። በአጥሩ ሥር የወደቀች ደረቅ ቅርንጫፍ አየሁ። የክንድ ታህል ናት። ለእሷው ማኅበር አይደል ብዬ አነሳሁ። እኔ ነኝ የማጠፋት ብዬ ነው የተቀመጥኩት» አለች።

አምስት ቀን በአንድ ክፍል ውስጥ ተዘግተን፣ እኔ አወቀችብኝ ስል፣ እሷም የእኔን ዓይን እየሸሸች ነው የኖርነው። ልጂቱ በመካከላችን በትኩሳት ትቃጠላለች።

እናቴ ፋንታዬን አዘለቻት፣ እኔ ቅሏን ውኃ ሞልቼ ያዝኩ፣ ወደ ጤና ጣቢያው ወጣን። መንገዱ በቤተ ክርስቲያኑ በር ያልፋልና መምሬ አድማሱ ከበሩ ወጥተው አገኙን። እናቴ እግራቸው ላይ ወድቃ የወይራውንም የአበባውንም አንድ ላይ ነገረቻቸው። ይቆጣሉ ብዬ ከኋላዋ ተሸሸግኩ። እሳቸው የልጂቱን ግንባር በእጃቸው ጀርባ ነኩና ፊታቸው ተለወጠ።

«አንቺ ሴት፣ ማርያምን እንደ ቀበሌ ሊቀ መንበር አደረግሻት እንዴ» አሉ። «ይሄ ወር የምን ወር ነው? ልጇን አዝላ በበረሃ የተንከራተተችበት አይደለም? በሕፃን ልጅ እጅ ቂም የምትይዝ ይመስልሻል? ግዝቱን ያመጣነው ለመጥረቢያ ነው።»

«ይፍቱን፣ አባ።»

«ፈትቻችኋለሁ፣ ሂዱ። ቆማችሁ አትሳለሙ፣ ሐኪም ቤት ሂዱ።» ወዲያው ወደ እኔ ዞር አሉና «አንቺንም ሁለተኛ ፈትቼሻለሁ፤ የውሸቱን ስግደት ስትመለሽ ትከፍያለሽ» አሉኝ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የነበረው ድሬሰር ወጣት ነው፤ ጢሙ ገና ያልበቀለ። የፋንታዬን ጆሮ በመብራት አየና መግል ይዟል አለ። መርፌ ወጋት። ከዚያ አጎንብሶ ሲጽፍ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ። እናቴ «ከእሑድ» አለችው። ብዕሩን አስቀመጠ። «አምስት ቀን ሙሉ ምን ትሠሩ ነበር?» ያለው በቁጣ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው። እናቴና እኔ ተያየን።

ፋንታዬ ዳነች። ሞትን አለፈችው፣ ግራ ጆሮዋ ግን ሞተ፤ ቀኙም የሚሰማው ጮክ ካሉለት ነው። ቀደም ብላችሁ ብታመጧት ኖሮ የሚለውን ድሬሰሩ ጀምሮ ተወው። እኔ ግን እስከ ዛሬ ልጨርሰው እሞክራለሁ።

ከዚያ በኋላ እናቴ ደኑን ከለከለችኝ። የትምህርት ቤቱ መንገድ በደኑ ጥግ ስለሚያልፍ ትምህርቱም ቀረ፤ ሦስተኛ ክፍል ላይ ነበርኩ። ተይ የሚላት አልነበረም፤ አባቴ ከሁመራ ሲመለስ እሱም በፋንታዬ ጆሮ ልቡ ተሰብሮ የእናቴን ቃል አልነካም። በጽጌ እሑዶች ግቢያችን ውስጥ ፋንታዬን አቅፌ ተቀምጬ የእነ አስካልን ድምፅ ከደኑ እሰማ ነበር። «የኔ ናት። አንቺ አታዪ።» የእኔን ስምንት አበባ ማን እንደወሰዳቸው አላውቅም። አስካል አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ተንጠልጥላ «የሙሽራ ኩልሽ ዘንድሮ አልወጣችም» አለችኝ። ልታጽናናኝ መሆኑ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

ዛሬ የምኖረው ላሊበላ ከተማ ነው። የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ አጥባለሁ። የማርያም ደን አሁንም ቆሟል፤ አጥሩ በሽቦ ሆኗል፤ ፈረንጆች አበባውን ፎቶ ሊያነሱ ይመጣሉ። ልጆቹ እንደልባቸው ይቀጥፋሉ፣ ራሳቸው ላይ ይሰካሉ፣ ሲጠወልግ መንገድ ላይ ይጥሉታል። ግዝት የሚፈራ የለም። ፋንታዬ ራሷ አግብታ ወልዳ፣ ገበያ ውስጥ በርበሬ እየሸጠች፣ የደንበኛን ከንፈር አንብባ ዋጋ የምትከራከር ሴት ሆናለች። ሰምተሽ ነው እንዲህ የምትይው ሲሏት «ባልሰማም ልታስቀንሺ እንደፈለግሽ ፊትሽ ላይ አለ» ትላለች።

የምፈራው እኔ ነኝ። ያኔ የምንፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ያውም ማን እንዳሰረውና ማን እንደሚፈታው ይታወቃል። ዛሬ ልጄ ማስተዋል አሥራ አምስት ሞልቷታል፤ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ እኔ የምፈራውን ቆጥሬ አልጨርሰውም። መኪናውን እፈራለሁ፣ ስልኩን እፈራለሁ፣ ከሁሉ ደግሞ የሰፈራችንን ሴቶች ልጆች አንድ በአንድ ወደ ዐረብ አገር የሚልከውን ደላላ እፈራለሁ። አምስት ደቂቃ ከዘገየች በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ስትገባ «የት ነበርሽ፣ ከማን ጋር፣ ምን አሉሽ» ነው። ልጂቱ ከእኔ ፊት ቃሏን መዝና መናገር ጀምራለች። አንድ ቀን ጥያቄዬን ሳልጨርስ ዓይኗን ስታወርድ አየሁና ደነገጥኩ። ያ ዓይን የእኔ ነበር። እኔም እናቴ የዘጋችው በር ሆኛለሁ።

በዚህ ጽጌ አንድ እሑድ አስቀምጬ ይህንን ሁሉ ነገርኳት። ከአንቀልባው ጀምሬ እስከ ድሬሰሩ ድረስ። እናቴን አላሳጣሁም፤ ፈርታ ነው አልኳት። ፍርሃቷ ግን ቤቱን ስለሞላው የምንተነፍስበት አልነበረንም አልኳት። ማስተዋል ጣቶቿን እያፍተለተለች ሰማችኝ።

«ዛሬ ጧት ደላላው አናግሮኛል» አለችኝ። «ከጓደኛዬ ጋር። ፓስፖርቱ ላይ ዕድሜሽን እናስተካክላለን ብሎኛል።»

እጆቼን ጉልበቴ ሥር ሸጎጥኳቸው። መጮህ ነበር የመጣብኝ፤ በሩን መዝጋት፣ ደብተሯን መቀማት፣ መጋረጃውን መጣል። እናቴ ያደረገችውን ሁሉ ማድረግ።

«እሺ፣ ንገሪኝ» አልኳት።

እሄዳለሁም አላለችኝም፣ እቀራለሁም አላለችኝም። እስኪመሽ ተቀምጠን አወራን። ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ ይህን ስጽፍም አብሮኝ አለ። ልጄ ግን በመጀመሪያው ቀን ነው የነገረችኝ፣ በአምስተኛው አይደለም።